ከጋያ እስከ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ፤ ሕግ የዕቃን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ

የሰው ልጅ የሚገለገልበት ዕቃ ሁሉ መልኩን የሚያገኘው ከሠሪው እጅ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን አንገት ታስረዝማለች፤ ቀጥቃጩ ማረሻውን ያሾላል፤ ሸማኔው የነጠላውን ጥለት ያስጌጣል። ዳሩ ግን ነገሩን በታሪክ ስንመረምረው ከሠሪው እጅ በስተኋላ ሌላ እጅ እናገኛለን፤ ይኸውም የሕግ እጅ ነው። መንግሥት አንድን ዕቃ ሲቀርጥ፣ ሲመጥን፣ ሲፈቅድ ወይም ሲከለክል፣ ዕቃው ያንን ሕግ ለመከተል ወይም ከዚያ ሕግ ለማምለጥ ሲል መልኩን ይለውጣል። የዕቃው መልክ በተለወጠ ጊዜም የተጠቃሚው ልማድ አብሮት ይለወጣል።

ይህንን ለማስረዳት ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ የትምባሆ ማጨሻ የተሻለ ምሳሌ ይሆነናል። በአገራችን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሕግ ተፈራርቆበታል፤ መልኩም ከቅል ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ብረትና ወደ ፕላስቲክ ተዛውሯል። የመጨረሻው መልኩ የከተማችን ወጣቶች «ቬፕ» የሚሉት የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ነው። ይህ ዕቃ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም ሳይቀር አልፎ አልፎ በወጣቶች እጅ ይታያል። የአገራችን ሕግ ግን ከልክሎታል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የተከለከለ ዕቃ ምን ዓይነት መልክ ይዞ ይመጣል? መልኩንስ የሰጠው የማን ሕግ ነው? መልሱን ለማግኘት ከጥንቱ መጀመር ይገባናል።

የትምባሆ ተክል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደዚያ ምድር ከደረሱ በኋላ ወደ ቀረው ዓለም ተሠራጭቶ በነጋዴዎች እጅ ወደ አገራችን ገባ። ሕዝባችንም ተክሉን በጓሮው ተከለ፤ ማጨሻውንም በአካባቢው ከሚያገኘው ነገር አበጀ። ጋያ የሚባለው ማጨሻ ሆዱ ውኃ የሚይዝ ቅል፣ አናቱ የሸክላ እሳት ማኖሪያ፣ መሳቢያውም ሸምበቆ ነው። ጢሱ በውኃው ውስጥ አልፎ ቀዝቅዞ ወደ አፍ ይደርሳል፤ ድምፁም ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይሰማል። ጋያ በኪስ የሚያዝ ዕቃ አይደለም፤ ተቀምጠው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ ተራ በተራ እየተቀባበሉ የሚጠጡት ነው። ከጋያ ሌላ ደግሞ ሱረት አለ። ሱረት ማለት ደርቆና ተወቅጦ የላመ ትምባሆ ሲሆን በአፍንጫ ይሳባል። እነዚህን ሁለቱን፣ ትልቁንና ትንሹን ማለት ነው፣ አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለንና።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ካህናት ትምባሆን አጥብቀው ያወግዙ ነበር። ሕዝቡም ይህ ቅጠል የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው እያለ ያወራ ነበር። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን በዐዋጅ ከለከሉ። የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብም አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው በአፈ ታሪክም፣ የውጭ አገር ሰዎች በጻፉትም ተነግሯል። ከዚህ የከበደ ቅጣት በትምባሆ ላይ የጣለ መንግሥት በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም። ሆኖም ትምባሆ ከአገር አልጠፋም። እንዲህ ያለ ክልከላ ባለበት ዘመን ጋያ ይዞ ደጅ መቀመጥ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሱረት ግን ጢስ የለው፣ ድምፅ የለው፣ በመቀነት ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳል። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ክልከላ ትልቁን ዕቃ ያሳድዳል፤ ትንሹን ግን ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ የሚሰወር ሰው ምንጊዜም ወደ ትንሹ ዕቃ ያዘነብላል።

ሁለተኛው የሕግ እጅ የክልከላ ሳይሆን የግብር ነው። አገራችን ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምባሆን ሥራ በሞኖፖል ያዘ። መንግሥት ግብር ሊቀበልበት የሚችለው ሊቈጥረው በቻለው ነገር ላይ ነው። ከጓሮ ተቀንጥሶ በጋያ የሚጠጣ ቅጠል አይቈጠርም፤ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ርዝመቱ እኩል የሆነ፣ 20 ፍሬ በአንድ ፓኬት የታሸገ ሲጃራ ግን ይቈጠራል። ሞኖፖሉ የሚደግፈውና የሚያስፋፋው ዕቃ ሲጃራ መሆኑ እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም። ኒያላና ግስላ የሚባሉት የሲጃራ ስሞች በየከተማው የታወቁ ሆኑ። ጎረቤት ተሰብስቦ በተራ ይስበው የነበረው ትምባሆ አንድ ሰው ለብቻው፣ በመንገድ ላይ ሲሄድ፣ በሥራ መካከል የሚስበው ነገር ሆነ። ሱቅ በደረቴ የሚሸጠው ልጅም ከማስቲካና ከከረሜላ ጋር ሲጃራውን በፍሬ ይዞ ይዞራል። ሲጃራ ባይቈጠር ኖሮ በፍሬ ሊሸጥ አይችልም ነበር።

ድርጅቱ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ፣ የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት አክሲዮን 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አክሲዮን በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ዋነኛው ባለቤት ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው ለማጨሻው ወረቀት ሳይሆን ለወደፊቱ አጫሽ መሆኑን ማንም ሰው ይረዳዋል።

ሦስተኛው የሕግ እጅ የጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ጸደቀ፤ አገራችን በማግሥቱ ዓመት ፈርማው፣ በ2006 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 822 አጸደቀችው። ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 በብዙ አገር ካለው ሕግ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥና በሥራ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ አዘዘ፤ ማስታወቂያን አገደ፤ ጣዕምና ቃና የተጨመረበትን ትምባሆ ከለከለ። የሲጃራውም ፓኬት ከፊትም ከኋላም 70 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በሲጃራ ላይ 30 በመቶና በአንድ ፓኬት 8 ብር ታክስ ጣለ። በዚህ ጊዜ ሕጋችን በሲጃራው ፓኬት ላይ እጁን ዘርግቶ ጻፈበት ማለት ይቻላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ የሚገዛውን ያውቃል።

ይኸው ዐዋጅ ስለ ሺሻና ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ሲናገር ግን አልመጠነም፤ አልቀረጠም፤ ፈጽሞ ከለከለ እንጂ። ወደ አገር ማስገባትም፣ ማከፋፈልም፣ መሸጥም አይፈቀድም። እዚህ ላይ ነው የጋያና የሱረት ነገር ተመልሶ የሚመጣው። ሺሻ ቁመቱ ረጅም፣ ከሰልና ውኃ የሚሻ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚስበው የጋያ ዘመድ ነው፤ ፖሊስ ቤት ገብቶ ሊያገኘው፣ ሰብስቦም ሊያቃጥለው ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ግን የሱረት ዘመድ ነው፤ በመዳፍ ውስጥ ይሰወራል።

አሁን ስለ መሣሪያው አሠራር ጥቂት እንናገር። የኤሌክትሮኒክ ሲጃራ አራት ነገር አለው፤ ባትሪ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ጥጥ፣ እንዲሁም ፈሳሹ ራሱ። ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ነገሮች፣ የፍራፍሬ ወይም የሌላ ነገር ቃና፣ ከዚህም ጋር ኒኮቲን የተቀላቀሉበት ነው። ሰው በአፉ ሲስብ ሽቦው ይግላል፤ ጥጡ የያዘው ፈሳሽ ሳይነድ ወደ ደመና ይለወጣል። «እሳት በሌለበት ጢስ አይኖርም» ይባል ነበር፤ በዚህ መሣሪያ ግን ያለ እሳት ጢስ የሚመስል ነገር ይወጣል፤ አመድ አይተውም፤ በልብስ ላይ የሚቀር የትምባሆ ሽታም የለውም።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ሄርበርት ጊልበርት የተባሉ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ለእንዲህ ያለ ማጨሻ የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1965 ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ገበያ ላይ አልወጣም። ዛሬ የምናውቀውን መሣሪያ በ2003 የፈጠሩት ሖን ሊክ የተባሉ ራሳቸው አጫሽ የነበሩ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። መሣሪያው ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በመጀመሪያ ጊዜ ሕግ አላገኘውም ነበርና መልኩ እንደ ሠሪው ፈቃድ ነበር፤ አንዱ ሲጃራ ይመስላል፤ ሌላው ትልቅ የእጅ ባትሪ ያህላል፤ የፈሳሽ መያዣውም አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ሰፊ ነበር።

ሕግ በደረሰ ጊዜ የሆነውን መመልከት በጣም ያስተምራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው መመሪያ ከግንቦት 2016 (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ሲሠራበት፣ የመሣሪያው መያዣ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ የመሙያው ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ የኒኮቲኑም መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ጠርሙሱም ሕፃን የማይከፍተው እንዲሆን፣ ኒኮቲን ሱስ እንደሚያስይዝ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም በማሸጊያው ላይ እንዲታተም አዘዘ። ወዲያው የዕቃው መልክ ተለወጠ። ሰፊ የነበረው መያዣ በውስጡ ጎማ ተሰክቶበት 2 ሚሊ ሊትር ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። ተጠቅሞ የሚጣለው ርካሹ ዓይነትም 600 ጊዜ ያህል የሚሳብ ሆኖ ወጣ፤ ይህ ቍጥር ከሁለቱ ሚሊ ሊትር የመነጨ ነው እንጂ ከሠሪው ምርጫ የመጣ አይደለም።

ነገር ግን ነጋዴ ሕግን እንደ አጥር ብቻ አያየውም፤ በየትኛው በኩል ክፍተት እንዳለው ዞሮ ይመለከታል። ሕጉ የሚናገረው ኒኮቲን ስላለው ጠርሙስ ነውና፣ ኒኮቲን የሌለበት ትልቅ የፈሳሽ ጠርሙስ ጎደል ተደርጎ ይሸጣል፤ ከጎኑም ባለ 10 ሚሊ ሊትር የኒኮቲን ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ገዢው ራሱ በቤቱ ይቀላቅላል። አንድ መያዣ ከ2 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ በመባሉ፣ አራት ባለ 2 ሚሊ ሊትር መያዣዎች በአንድ መሣሪያ ላይ ተገጥመው 2,400 ጊዜ የሚሳብ ዕቃ ተሠራ። እንግሊዝ አገር በሰኔ 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር ተጠቅሞ የሚጣለውን ዓይነት ሽያጭ በከለከለች ጊዜም፣ ያው ዕቃ ባትሪ መሙያ ቀዳዳና የሚለወጥ መያዣ ተጨምሮለት በቀድሞው ዋጋ አቅራቢያ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። በሕጉ ፊት አዲስ ዕቃ ነው፤ በገዢው እጅ ግን የትናንቱ ነው።

በአሜሪካም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። በ2015 ጁል የተባለ መሣሪያ የኮምፒዩተር ፍላሽ መስሎ ወጣ፤ ኒኮቲኑ በአሲድ ተለዝቦ ጉሮሮን እንዳይቧጥጥ ስለ ተደረገ በአንድ ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ያህል ሊይዝ ቻለ። ተማሪዎች በብዛት ያዙት። መንግሥት በ2020 መጀመሪያ ላይ ጣዕም ባላቸው ተለዋጭ መያዣዎች ላይ እርምጃ ሲወስድ፣ ተጠቅሞ የሚጣለው ዓይነት ከዚያ ውጭ ቀረ፤ ወጣቱም ወደዚያው ዞረ። የሕጉ ቃል ከትምባሆ የተገኘ ኒኮቲን የሚል ስለ ነበረ ደግሞ፣ ኒኮቲኑን በቤተ ሙከራ የሠሩ ሰዎች «እኛ በሕጉ ውስጥ አይደለንም» አሉ፤ ምክር ቤቱ ይህንን ክፍተት የዘጋው በ2022 ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በ2019 የደረሰው ነው። በዚያ ዓመትና በተከታዩ መጀመሪያ 2,807 ሰዎች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ተኝተው 68ቱ ሞቱ። ምርመራው በዋናነት ያመለከተው በካናቢስ ፈሳሽ ላይ የተጨመረውን ቪታሚን ኢ አሴቴት የተባለ ነገር ነው። ያም ፈሳሽ በአብዛኛው ከሱቅ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የተገኘ ነበር።

እንደ ኢትዮጵያ ፈጽመው የከለከሉም አገሮች አሉ። ብራዚል በ2009፣ ታይላንድ በ2014፣ ህንድ በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ከልክለዋል፤ ሲንጋፖርም በ2018 መያዝንና መጠቀምን ሳይቀር ወንጀል አድርጋለች። ስለዚህ የእኛ ሕግ ብቸኛ አይደለም፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ2016 በፈረንጆች አቆጣጠር በአገራችን በተደረገው የትምባሆ ጥናት፣ ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች ከመቶው 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። አጫሽ በበዛበት በእንግሊዝ አገር የጤና ሹማምንት ሲጃራ መተው ላቃተው አዋቂ ሰው የኤሌክትሮኒክ ሲጃራን የተሻለ ምትክ ነው ብለው ይመክራሉ። ሲጃራ ሲነድ የሚያወጣው መርዝ እጅግ የበዛ ነውና ምክራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ከመቶው 95 ትምባሆ በማይነካበት አገር፣ መሣሪያው የሚያገኘው አብዛኛው ወጣት አስቀድሞ አጫሽ ያልነበረውን ነው። ለዚህ ወጣት ምትክ አይሆንለትም፤ መጀመሪያ ይሆንበታል እንጂ።

እዚህ ላይ ግን የነገሩ ቍልፍ ይገኛል። ሕግ በሚፈቅደው ዕቃ ላይ ይጽፋል፤ በሚከለክለው ዕቃ ላይ ግን የሚጽፍበት ገጽ የለውም። የሲጃራውን ፓኬት 70 በመቶ ወስደን ማስጠንቀቂያችንን አትመንበታል፤ በተከለከለው መሣሪያ ላይ ግን አንዲት ፊደል ልናትም አንችልም። መጠኑን አልወሰንነውም፤ ጠርሙሱ እንዲታሸግ አላዘዝንም፤ ውስጡ ያለውን አልመረመርነውም። በሻንጣ ተሸሽጎ የሚገባው ዕቃ የሌላ አገር ሕግ የሰጠውን መልክ፣ ወይም የማንም ሕግ ያልነካውን መልክ ይዞ ይመጣል። ልዩነቱን በቍጥር እንየው። በአውሮፓው ሕግ የተሠራ መሣሪያ 2 ሚሊ ሊትር በ20 ሚሊ ግራም ተባዝቶ 40 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይይዛል። 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያለው፣ በእያንዳንዱም 50 ሚሊ ግራም የያዘ መሣሪያ ግን 500 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ይህም አሥራ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በቀለማቸውና በፍራፍሬ ሽታቸው ይመሳሰላሉ። ገዢው ልጅ የትኛውን እንደ ያዘ አያውቅም፤ ሻጩም አያውቅም።

ይህ ነገር በሩቅ የሚወራ አይደለም። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለበት አካባቢ በጥንቱም በዛሬውም ዘመን የመንገድ አገር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል አልፏል፤ ዛሬም ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ የቃሊቲ ጉምሩክም እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከባሕር የሚመጣ ዕቃ ወደ መዲናይቱ የሚገባው በእኛ ደጅ ነው ማለት ይቻላል። በኮንዶሚኒየሙ ብዙ ሺሕ ቤተ ሰብ በየፎቁ ይኖራል፤ አባትና እናት ማለዳ ታክሲና አውቶቡስ ይዘው ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው እስከ ማታ በደረጃውና በብሎኮቹ መካከል ይውላሉ። ድሮ ሲጃራ የጀመረ ልጅ በሽታው ይታወቅ ነበር፤ ጎረቤትም አይቶ ይገሥጸው ነበር። የዛሬው መሣሪያ ግን ከማስቲካ የማይለይ ሽታ ይሸታል።

አንዲት የጎረቤታችን እናት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጃቸውን የደብተር ቦርሳ ሊያጥቡ ሲያራግፉ እንዲህ ያለ ዕቃ አገኙ። የኮምፒዩተር ዕቃ መስሏቸው እንዳይበላሽ በፎጣ ጠቅልለው አስቀመጡት። ኋላ ተጠራጥረው ወደ እኛ ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ይኸ ምንድን ነው? ይጎዳዋል?» ብለው ጠየቁን። ዕቃውን አገላብጠን አየነው። የሐብሐብ ሥዕል አለበት፤ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ስም አለበት፤ «5 በመቶ» የሚል ቍጥርም አለበት። ምን መሆኑን ነገርናቸው፤ ቍጥሩ ኒኮቲኑን የሚያመለክት መሆኑንና ጽሑፉ እውነት ከሆነ እጅግ የበረታ መሆኑን ነገርናቸው። እውነት ስለ መሆኑ ግን የሚመሰክር ማንም የለም። እኒህ እናት የሲጃራ ፓኬት ቢያገኙ ኖሮ ማንንም መጠየቅ ባላስፈለጋቸው ነበር፤ መንግሥታቸው በፓኬቱ ላይ አስቀድሞ ነግሯቸዋልና።

ታዲያ አንዳንድ ሰው ይህንን ሰምቶ «እንግዲያው ይፈቀድና ይመጠን» ሊል ይችላል። አስተያየቱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው መጠን የወሰኑት ባለጸጎች አገሮች እንኳ ነጋዴውን በየዓመቱ እየተከተሉ አዲስ ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። እያንዳንዱን ፈሳሽ የሚመረምር ቤተ ሙከራና ብዙ ተቈጣጣሪ ሳይኖር መፍቀድ፣ በሩን ከፍቶ ዘበኛውን ማሰናበት ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ክልከላው ትክክል ነው። ትክክል የማይሆነው ክልከላው በነጋሪት ጋዜጣ በመታተሙ ብቻ ሥራው የተፈጸመ መስሎ ሲታየን ነው። ሕጉ በዕቃው ላይ ሊጽፍ ያልቻለውን በሰው ልብ ላይ መጻፍ አለብን፤ ይህም የሦስት ወገኖች ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ወገን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የጉምሩክ ባልደረባ ሺሻን በቁመቱ ያውቀዋል፤ እስክሪብቶ፣ ፍላሽ ወይም የከንፈር ቀለም የሚመስለውን መሣሪያ ግን እንዲያውቀው መልኩን በሥዕል ሊያዩት ይገባል። መልኩም ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ሥዕሉ በየጊዜው መታደስ አለበት። የተያዘውም ዕቃ ከመወገዱ በፊት ስሙ፣ የፈሳሹ መጠንና የተጻፈበት የኒኮቲን ቍጥር ቢመዘገብ፣ ምን እንደሚገባ ለማወቅ ይረዳል። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተራ ቆሻሻ ጋር ተጥሎ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል የጽዳት ሠራተኞችም መስማት ይገባቸዋል። የሕጉም ክንድ ይልቁንም በአስገቢውና በሻጩ ላይ ሊበረታ ይገባል እንጂ የተታለለውን ልጅ ለማዋረድ ሊውል አይገባም። የዐፄ ዮሐንስ ዘመን ያስተማረን የቅጣት ክብደት ብቻውን ልማድን እንደማያጠፋ ነው።

ሁለተኛው ወገን መምህር ነው። መሣሪያው ራሱ ትምህርት አለው። የሚግለው ሽቦ የፊዚክስ፣ ፈሳሹ የኬሚስትሪ፣ ኒኮቲን በአንጎል ላይ የሚሠራው ሥራ የባዮሎጂ ትምህርት ነው። የወጣት አንጎል ገና በማደግ ላይ ያለ በመሆኑ ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን፣ «ጢስ የለውም» ማለት «ጉዳት የለውም» ማለት አለመሆኑን መምህሩ በክፍሉ ቢያስረዳ፣ በየኪሱ ከመፈተሽ የበለጠ ይጠቅማል። የተያዘበትንም ተማሪ ከማባረር ይልቅ ከወላጆቹ ጋር አስቀምጦ መምከር ልጁን ለትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱንም ለልጁ ያቆያል።

ሦስተኛው ወገን ተማሪው ራሱ ነው። ወጣቱ ሰው አንድ ነገር ይወቅ እንላለን። በእጁ የያዘው ዕቃ የነፃነት ምልክት መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን ቀለሙን፣ ጣዕሙን፣ የሚሳብበትን ቍጥር፣ የኒኮቲኑንም ብርታት ሌሎች ወስነውለታል። የወሰኑለትም ስለ ጤናው በማሰብ አይደለም፤ አንዱ አገር የዘጋውን በር በሌላ በኩል ለመክፈት ነው። ጋያ የሚጠጣው አባት ቢያንስ ቅሉን ከጓሮው ቈርጦ፣ ቅጠሉን ራሱ ተክሎ ነበር፤ ወደ ሳንባው የሚያስገባውን ያውቅ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን ከአባቱ ይልቅ የተማረ ሆኖ ሳለ ስለሚስበው ነገር ከአባቱ ያነሰ ያውቃል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ ነበር፤ እሳት ገና ሳይስፋፋ በእርጥብ ቅጠል ይመታል ማለታቸው ነው። ይህ መሣሪያ እሳቱ የማይታይ በመሆኑ ቤቱ መቃጠሉን በጢሱ አናውቅም። ስለዚህ ጢስ እስኪታየን መጠበቅ አይገባንም። በአገራችን ልማዱ ገና ጥቂት በሆነበት በዚህ ጊዜ ባለሥልጣኑ በጉምሩኩ፣ መምህሩ በክፍሉ፣ ወላጅ በቤቱ፣ ተማሪውም ከጓደኛው ጋር ሲነጋገር ዕውቀቱን ቢያዳርስ፣ በዕቃው ላይ ሊታተም ያልቻለው ማስጠንቀቂያ በሰው አፍና በሰው ልብ ታትሞ ይኖራል። ሕጋችን ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።